ባለቤቱ ያልታወቀ አፕ

ወሬው የደረሰኝ እስከ አገጬ የሚደርስ የአንሶላ ክምር ታቅፌ ሳለሁ ነው። የምሠራው ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ፣ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ስልኬ በሽርጤ ኪስ ተንቀጠቀጠ። ዳባት የምትኖረው የማኅበር እኅቴ የድምፅ መልእክት ልካለች፤ ከፈትሁት።

«እኅቴ፣ ጉድ ፈልቷል! አባታችንን ሊያግዷቸው ነው!»

አንሶላው ከእጄ ወደቀ። አባታችን የምንላቸው የማኅበራችንን ንስሐ አባት ነው፤ የደባርቅ ቄስ ናቸው፤ በዕድሜያቸው ሙሉ ሰው ቀርቶ በቅሎ እንኳ አስቀይመው አያውቁም። «ምን አጥፍተው ነው እመብርሃን?» ብዬ ክምሩ ላይ ቁጭ አልሁ። ወዲያው ሁለተኛው መልእክት ገባ።

«ከቤተ ክርስቲያን አይደለም'ኮ! ከስልክ ነው የምልሽ፣ ከስልክ!»

ሦስተኛው ላይ እሷም ሳቋ አመለጣት፣ እኔም አመለጠኝ፤ ጎኔ እስኪያመኝ ሳቅሁ። የማድረቂያውን ማሽን የምትጠብቀው የሥራ ባልደረባዬ ታመመች ብላ ውኃ ይዛልኝ መጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልካችንን የሚያንቀሳቅሰውን ሶፍትዌር የሚሠራው ድርጅት አዲስ ደንብ አውጥቷል። ከእንግዲህ ከድርጅቱ የአፕ መደብር ውጭ፣ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ አፕ፣ የሠራው ሰው ስሙንና መታወቂያውን ካላስመዘገበ በቀር ስልክ ላይ አይጫንም። የኛ አፕ ደግሞ መደብር ገብቶ አያውቅም። ባለቤቱም አልተመዘገበም። በውስጡ ያሉት አባታችን ናቸው።

ማኅበራችን የሴቶች ነው። ግማሾቻችን ደባርቅ፣ ግማሾቻችን ዳባት፣ ሁለቱ መካነ ብርሃን፣ እኔ ደግሞ በረዶ መሃል። አፑን የሠራችው ያቺው መልእክት የላከችልኝ እኅቴ ናት፤ ዳባት የሂሳብ መምህርት ናት። ኔትወርክ ለወራት በጠፋበት በዚያ ጊዜ፣ ሌላው ሰው በመስኮት ሲያይ እሷ ቀድሞ ያወረደቻቸውን የኮምፒውተር መጻሕፍት እያነበበች ራሷን አስተማረች። ከዚያ አባታችንን ቤታቸው አስቀምጣ፣ ዳዊትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስነብባ በድምፅ ቀዳች። አፑ ስትከፍቺው ቀኑን ራሱ ያውቃል። ሰኞ ከሆነ የሰኞውን ድርሻ፣ ማክሰኞ ከሆነ የማክሰኞውን ይዞ ይጀምራል። ኢንተርኔት አይፈልግም። የማክሰኞው ላይ አባታችን መሃል ላይ ያቆሙና «ውጪ አንቺ!» ይላሉ፤ ፍየሏን ነው። ረቡዕ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ይሰማል። መምህርቷ ልትቆርጠው ፈልጋ ነበር፤ እኛ ነን አይሆንም ያልን።

እኔ ግእዝ ማንበብ አልችልም። ዳዊት የምደግመው እሳቸው እያነበቡልኝ፣ ከኋላ ከኋላ እየተከተልሁ ነው። እጄ ሥራ ላይ፣ ጆሮዬ ደባርቅ። ያለ እሳቸው አንድ ምዕራፍ አይወጣኝም።

አፑን የተቀበልሁት አገሬ ገብቼ ደባርቅ ከቅዳሴ በኋላ ነው። በዚያ ጊዜ የማኅበሩ ልማድ ሆኖ ነበር፤ ሕዝቡ ሲበተን እኛ ከግቢው ቅጥር ሥር እንደረደርና ስልካችንን አውጥተን በብሉቱዝ እንሰጣጣለን። ሰጪዋ «ይድረስሽ» ትላለች፤ ተቀባይዋ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ነጠላችንን አጣፍተን ወፍራም ስልክና ቀጭን ስልክ ጫፍ ለጫፍ ስናገናኝ ላየን፣ የምን ሥርዓት ነው ያሰኛል። መካነ ብርሃን ያሉት ሁለቱ ደግሞ ሊመጡ ስላልቻሉ ሜሞሪ ካርዱ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ በበቅሎ ሄደላቸው።

እኔ ደግሞ ጥንቁቅ ሴት ነኝ። ብስኩት እንኳ ስገዛ ጀርባውን አገላብጬ ጾም መሆኑን ሳላጣራ ቅርጫቴ አላስገባም። ፋይሉ ደርሶኝ ልጭነው ስል ስልኬ ቀይ ምልክት አወጣ፤ እኔም እጄን ሰበሰብሁ።

አባታችን መስቀላቸውን ይዘው አጠገባችን ቆመዋል። «ምነው ልጄ?»

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ 'ይህ ፋይል ሊጎዳዎት ይችላል' ይላል።»

«ልክ ብሏል። መዝሙር ሃምሳን ሰምቶ ልቡ ያልቆሰለ ሰው ምን ሰው ነው?»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ደግሞም 'ምንጩ አይታወቅም' ይላል፣ አባ።»

«ምንጩማ እኔ ነኝ! እዚሁ ደባርቅ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ! አያውቀኝም በይው፤ ይጠይቅ።» ይህን ብለው የጸበሉን ዕቃ አንስተው ወደ ስልኬ ሲመጡ እንዴት ነጠላዬ ውስጥ እንደሸጎጥሁት! ባርከው ሰጡኝ፤ ጫንሁት።

ደንቡ እንዲያው ክፉ ነው ለማለት አልደፍርም። አንድ ጊዜ፣ አገር ቤት ሳለሁ፣ በማኅበራችን ግሩፕ ውስጥ «የአጽዋማት ማውጫ» የሚል አፕ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ገባ። ደስ ብሎን ጫንነው። በሦስተኛው ቀን የቁማር ማስታወቂያ በየስልካችን ይጮህ ጀመር፤ የአንዷማ ቅዳሴ መሃል ነው የጮኸ። እሷ ስልኳን ይዛ ጸበል ሄደች። ሌሎቻችን ደባርቅ ከገበያው በላይ ወዳለው ስልክ ጠጋኝ። ጠጋኙ የሁላችንንም አንድ በአንድ እያጸዳ «እናንተ ሴቶች፣ የማታውቁትን ሰው ቤታችሁ ታስገባላችሁ?» ሲለን ሂሳባችንን ከፍለን ወጣን። ስለዚህ የሠሪውን ማንነት እንወቅ የሚለው አይከፋኝም። የከፋኝ የኔ ስልክ መሞቻው መቃረቡ ነው።

ስልኬ አርጅቶ፣ ባትሪው አብጦ ጀርባውን ከፍቶት ነበር። አዲስ ገዝቻለሁ፤ አዲሱ ደግሞ አዲሱን ደንብ ይዞ ነው የመጣ። አፑን ከአሮጌው ወደ አዲሱ አስተላለፍሁ። አልቀበልም አለኝ፤ ሠሪው አልታወቀም። ደግሜ ሞከርሁ፤ አልቀበልም። ሌላ መላ መጣልኝና ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን አስተኝቼ ከአንዱ ወደ አንዱ ድምፁን ልቅዳ አልሁ። አባታችን ድስት ውስጥ ሆነው ክዳን ተደፍቶባቸው የሚያነቡ መሰሉ። ተውሁት።

«እንደገና አንብበው ይቀዱ» እንዳይባል፣ አባታችን ከዚያ ወዲህ ጉሮሯቸውን ታመው ጎንደር ታክመው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ዳኑ፤ ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። አሁን የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው። መጀመሪያ የተቀዳበት ሜሞሪ ካርድ ከመምህርቷ አሮጌ ስልክ ጋር ወደ ድብ ባሕር በሚወርድ አውቶቡስ ላይ ተረስቶ ቀረ። በአፑ ውስጥ ያለው ድምፅ ደግሞ ተቆልፏል፤ ወጣቶች የስልክ ጥሪ እንዳያደርጉት ብለው ያስቆለፉት ራሳቸው አባታችን ናቸው። ድምፁን ከአፑ የሚያወጣ ቁልፍ የለም፤ አፑ የሷ መሆኑን የሚመሰክረው ቁልፍ ፋይል ብቻ መምህርቷ አንገት ላይ ነው፤ ፍላሹን ከማተቧ ጋር አስራዋለች። እንግዲህ ያ ድምፅ በዓለም ላይ ያለው እዚያ አፕ ውስጥ ብቻ ነው። ስልኮቻችን ባረጁ ቁጥር አንድ በአንድ ይጠፋል። የመጀመሪያዋ ከሳሪ እኔ ነኝ።

መፍትሔው አጭር ነበር፤ መምህርቷ ስሟን ታስመዝግብ።

«አላስመዘግብም» አለችኝ ደውዬላት።

«ለምን?»

«ውዳሴ ከንቱ ነው። ለእግዚአብሔር የሠራሁትን ስሜን ልለጥፍበት?»

«እቴ፣ ድርጅቱ'ኮ ሊያወድስሽ አይደለም፤ ሊያውቅሽ ነው።»

«እሱ ያውቀኛል የሚያውቀኝ።»

እንዲህ ስትል ጣቷን ወደ ሰማይ እንደቀሰረች በስልክም ታወቀኝ። አባታችን ሰሙና አስጠሯት። እሷ እንዳወጋችኝ እንዲህ አሏት፤ «ልጄ፣ ባለፈው የተናዘዝሽው አለ፤ ቀኖና አልሰጠሁሽም ነበር። ቀኖናሽ ይኸ ነው፤ ሄደሽ ተመዝገቢ።» በማኅበራችን ታሪክ ከስግደትና ከጾም ሌላ ቅጽ መሙላት ቀኖና ሆኖ ሲሰጥ ይኸ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ፣ በደባርቅ የገበያ ቀን፣ ማኅበሩ በሙሉ ወደ ስልክ ጠጋኙ ሱቅ ወጣ። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው እሱ ነው፤ እንግሊዝኛውን ከዚህ ሆኜ የማነብ እኔ ነኝ። በቪዲዮ ደወሉልኝ። ማእድ ቤቴ ተቀምጬ ሳይ፣ በዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ነጭ ነጠላ ብቻ ነው የሚታየው፤ ከመሃሉ የአባታችን ጥምጥም ብቅ ብሏል። ጠጋኙ ወንበር አጥቶ ቆሟል።

«በስተቀኝ ያላችሁ እትዬዎች፣ መስታወቱን አትደገፉት!» ይላል።

እኔ አነባለሁ፤ «ግለሰብ ነው ወይስ ድርጅት ይላል።»

«ማኅበር ነዋ!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ።

«ድርጅት ከሆነ የምዝገባ ቁጥር ይጠይቃል።»

አንዷ እናት «የማኅበራችን ባለቤት እመቤታችን ናት፤ ቁጥሯን ከማን እንጠይቅ?» አሉ። ጠጋኙ «ግለሰብ በሉ፣ እትዬ፣ ግለሰብ ይሻላል» ብሎ ገላገለን።

አድራሻም ጠየቀ። የጎዳና ስም ሲል፣ «ከትምህርት ቤቱ በታች፣ ሁለት ባሕር ዛፍ ያለበት» ተብሎ ተጻፈ። አንዷ «አንዱ ተቆርጧል'ኮ» ብላ ተከራከረች፤ ተስተካከለ። ቀጥሎ ሙሉ ስም። እኔ፣ ጥንቁቋ፣ ፊደል በፊደል አስጻፍሁ። አባታችን ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሴቶቹ ነቀነቁ። መምህርቷ ብቻ መሬት መሬት ታይ ነበር። ከመታወቂያዋ ፎቶ ጋር ተላከ።

ከሳምንት በኋላ መልሱ መጣ፤ ውድቅ። ስሙና መታወቂያው አይገጥምም። እንደገና ቅዳሜ ተሰበሰቡ፣ እንደገና ተደወለልኝ። ጠጋኙ መታወቂያውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየው፤ ከዚያ መምህርቷን አየ፤ ከዚያ እንደገና መታወቂያውን።

«እትዬ፣ ፎቶው ያንቺ ነው። ስሙ ግን የሌላ ሰው ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያስጻፍሁት የክርስትና ስሟን ነው! በማኅበር የምንጠራራው በክርስትና ስም ብቻ ነው። አባታችን ለጸሎት የሚያስቡን በዚያው ነው። ስልኬ ላይ የተመዘገበችው በዚያው ነው። ስንት ዓመት አብረን ጽዋ ጠጥተን፣ ታምሜ አስታምማኝ፣ ሌላ ስም ይኖራታል ብዬ አስቤ አላውቅም። የጸሎት አፕ ነው፤ በጸሎት ስም ካልሆነ በምን ሊሆን ኖሯል? ከእኛ ውስጥ አንዲት እንኳ «ተሳስተሻል» ያላለችኝ ሁሉም ሌላውን ስሟን ስለማያውቁ ነው። ሱቁ ውስጥ ሳቅ ተነሣ። እኔም እየሳቅሁ፣ እያፈርሁም፣ «እኅቴ፣ በይ የዓለም ስምሽ ማን ነው?» አልኋት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

«ንገሪን'ንጂ፣ ማን ነው የሚሉሽ?»

«ትምህርት ቤት 'መምህርት' ነው የሚሉኝ» አለች ከነጠላው ሥር። «ይበቃል።»

መታወቂያውን ያነበበ ጠጋኙ ብቻ ነው፤ እሱም ከንፈሩን ነክሶ ወደ ግድግዳው ዞሯል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል። ኋላ ራሷ ተናገረች። እናቷ ከእሷ በፊት ልጅ ወልደው ወልደው አልበረከተላቸውም። እሷ ስትወለድ አያቷ፣ ሞት እንዳይጎመጃት፣ ንቆ እንዲያልፋት፣ ሰው ለልጁ ቀርቶ ለድመቱ የማይሰጠውን ስም አወጡላት። በአገራችን የታወቀ ነው፤ እንዲህ ያለ ስም የያዙ ሰዎች ሞልተዋል። ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ሲነገር ግን ሴቶቹ አንዷ በሌላዋ ትከሻ ላይ ተደፉ። እንኳን እነሱ፣ እኔ እንኳ ወንበሬ ላይ መቆየት አቃተኝ።

«አያችሁ!» አለች፣ እሷም እየሳቀች እያለቀሰች። «ይኸንን ነው በዓለም ስልክ ሁሉ ላይ ጻፊ የምትሉኝ! 'ዳዊት፣ ሠሪዋ እንትና'! አባ፣ እባክዎ ስግደት ይስጡኝ። አንድ ሺህ ልስገድ።»

ስሟ በእርግጥ ለሰው ይታይ አይታይ እኔ አላውቅም፤ እሷ ግን ይታያል ብላ ቆርጣለች። ውዳሴ ከንቱ ያለችኝም ግማሹ እፍረት እንደነበረ ያን ጊዜ ተረዳሁ። አዲሱን ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አቁሜ አሮጌውን ስልኬን በእጄ ያዝሁት። እንቢ ብትል አልፈርድባትም ነበር። ግን የኔ ማክሰኞዎች አለቁ ማለት ነው።

አባታችን መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ፤ ሹክሹክታቸውን ለመስማት እኔም እዚህ ጆሮዬን ወደ ስልኩ አስጠጋሁ።

«ልጄ፣ ያ ስም ሥራ ሠርቷል። አንቺን ከሞት አትርፎ እዚህ አድርሷል። እንግዲህ የኔንም ድምፅ ያትርፍልኝ። ከዚያ ስም ሌላ በማን ስም ልለምንሽ?»

መምህርቷ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። ዓይኗን ጠረገች። ወደ ጠጋኙ ዞራ «ጻፈው» አለችው። «ግን ስትጽፈው አትሳቅ።»

«እትዬ፣ ሙት ስልሽ አልስቅም» አለ፤ ሳቀ።

በአያቷ የወጣላት ስም፣ የአባቷ፣ የአያቷ፣ ልክ እንደ መታወቂያው ተጻፈ። ፎቶው ተላከ። በስልኳ የመጣውን ቁጥር አስገባች። በዚህ ጊዜ መልሱ ሳምንት አልፈጀም፤ እዚያው ሳሉ መጣ። ጠጋኙ አንብቦ አልገባው ብሎ ወደኔ አዞረው። እኔ አነበብሁት፤ «ማንነትዎ ተረጋግጧል» ይላል። ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ሱቁ በእልልታ ተናወጠ። ከገበያው ሰው እየሮጠ መጣ፤ ሙሽራ የት አለች ይላል። አባታችን ከተቀመጡበት ሲነሡ አየሁ። ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፣ አፋቸውን ከፈቱ፣

ምስሉ ደረቀ። ኔትወርኩ ሄደ። አባታችን አፋቸውን እንደከፈቱ ስልኬ ላይ ቀሩ።

መምህርቷ አፑን በስሟ አስመዝግባ ስትልክልኝ አዲሱ ስልክ አንዲት ቃል ሳይናገር ተቀበለው። ማክሰኞ ነበርና ፍየሏ ተባረረች፤ እኔም ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ብቻዬን እልል አልሁ።

ነገር ግን በዚያች ቅዳሜ መስመሩ ከተቆረጠ በኋላ ስለሆነው፣ እናንተ እኅቶቼ፣ የነገራችሁኝ አንዱ ካንዱ አይገናኝም። አንዷ «አባታችን ዜማ አነሡ፣ በድሮው ድምፃቸው፣ እስከ ገበያው ተሰማ» ትለኛለች። ሌላዋ «የለም፣ በሹክሹክታ ነው፤ የተሰማው የገበያው ድምፅ ማጉያ ነው» ትላለች። መምህርቷ ስታለቅስ ስለነበር ምንም አልሰማችም። ጠጋኙን ብጠይቀው «እትዬ፣ እኔ መስታወቴን ስጠብቅ ነበርሁ» አለኝ። አባታችንን ደፍሬ በመምህርቷ በኩል አስጠየቅሁ፤ ፈገግ ብለው መስቀል አሳለሙኝ አለችኝ።

እንግዲህ በዚያ ሱቅ የነበራችሁ ሁሉ፣ ከገበያ ሮጣችሁ የመጣችሁም ጭምር፣ እለምናችኋለሁ። ሱቁ የስልክ ሱቅ ነው፤ እጃችሁ ላይ ስልክ፣ ግድግዳው ላይ ስልክ፣ መስታወቱ ውስጥ ስልክ። በዚያ ሁሉ ስልክ መሃል የአንዳችሁ እንኳ አልቀዳም? ተንቀጥቅጦም ይሁን፣ ጣሪያውን ብቻ እያሳየም ይሁን፣ እልልታ ውጦትም ይሁን፣ ያላችሁ ላኩልኝ። ከሌላችሁም ያያችሁትን ብቻ፣ ሳትጨምሩበት፣ ጻፉልኝ፤ ድምፃቸው ወጥቶ ነበር?